ጠዳ ገና ነው

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ መናኸሪያው በር ላይ፣
የጮህኩትን ጩኸት ይቁጠረው ሰማይ፤
"ጠዳ! ጠዳ! ጠዳ! ማክሰኝት! ቆላ ድባ!
ጭልጋ ሁለት ሰው ነው፣ ቶሎ ቶሎ ግባ!
ጯሂት የቀረ አለ?" አጣናው ሲጣራ
ይሰማል ይሉ ነበር ከጎሃ ተራራ።
ውሸታቸውን ነው፤ ከአራዳም አያልፍም፤
እኔ ግን ወሬውን ክጄው አላውቅም።

የሐምሌ ማክሰኞ፣ ዝናብ እያካፋ፣
ግራ እጄ ከበደኝ፣ ምላሴ ተደፋ።
"ጠዳ" ልል ከፈትኩት፣ "ተዳ" ብሎ ወጣ፣
"ቆላ ድባ" ስለው "ኮላ" ሆኖ መጣ።
ወያሎቹ ሳቁ፤ በጠዋቱ ጠጥቶ ነው አሉ።
ግማሽ ፊቴ አብሮ ሳቀ፣
ግማሹ ዝም አለ።

የንግግር ሐኪሟ ትርንጎ ትባላለች።
ተው በሉኝ! ምላሱ የተያዘን ሰው
ይህን ስም ጥራ ማለት፦ ት፣ ር፣ ን፣ ጎ፣
አራት አቀበት ነው፣ ማን ይወጣል ፈልጎ?
የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ፊኛ አፌ ውስጥ አኖረች፣
"በምላስህ ወደ ላንቃህ ጨፍልቃት" አለች።
ከፊኛዋ ቱቦ፣ ከቱቦው ጫፍ ቁጥር።
አሥራ አንድ።
እኔ፣ በጩኸት ብቻ ሚኒባስ የምሞላው፣
አሥራ አንድ!

ቤቴ ገብቼ ከማንኪያ ጀርባ ጋር ታገልኩ።
ይርገዱ ታዝባ "ሰው ማንኪያ ይልሳል፣
አንተ ትደባደባለህ" ትለኛለች።
በነሐሴ ሃያ፣ በመስከረም ሠላሳ፣
ጥቅምት ላይ አርባ ገባ፤ ምላሴ በሬ ሆነ።
ከክፍሏ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩና
ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ፦
"ተዳ!"
አርባ ቁጥር ይዤ፣ ተዳ።

ትርንጎ አልሳቀችም።
"ጋሼ፣ በሬ መርፌ ቀዳዳ ክር አያስገባም።
ለንግግር ከአርባው አምስቱ ይበቃል፤
የቀረው ቦታውን ማወቅ ነው፣ ሰዓቱንም።
ጠ ስትል ምላስ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ይዘጋል፣
ጉሮሮም ይዘጋል። ሁለት በር ነው፤
ያንተ አንደኛው ቀድሞ ይከፈታል።"

ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል ሲሉን
ጉልበቱን ብቻ ነገሩን።
አጥንት የሌለው ነገር ልክ ቦታው ላይ
እንዴት እንደሚቆም
ተረት ያወጣለት የለም።

ሁለት በር! ዕድሜዬን በሙሉ
ሳይሞላ አትዝጋ፣ ሳይዘጋ አትንዳ
ስል የኖርኩት ሰውዬ።

ኅዳር ላይ ተመለስኩ። ቦታዬን እንዳላማው ይዞታል፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ምላሱ ጅራፍ፤
አንድ ፊደል አይስትም። ቀናሁበት፣ አልዋሽም።
ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ደረሰኝ ስቆጥር
ሁለት ዶሮ ያንጠለጠሉ እናት ጎንበስ አሉኝ፦
"ይኼ መኪና ጎርጎራ ነው ጯሂት?"

ራሴን ብነቀንቅ ይበቃ ነበር።
አልነቀነቅኩም።
አልጮህኩምም። ዘጋሁ፣ ጠበቅሁ፣
ሁለቱንም በር አንድ ላይ ለቀቅሁ፦
"ጯሂት።"
ምጣድ ላይ እንዳለች ሽምብራ ጧ አለች።
ሃያ ሦስት ዓመት በጩኸት ያልኳትን ጯሂት
በሹክሹክታ አገኘኋት።
እርሳቸው ምንም አላስተዋሉም፤
"እግዜር ይስጥህ" ብለው
ዶሮዎቻቸውን ወንበር ሥር ከተቱ።

ሐሙስ ለትርንጎ ነገርኳት። አልፈነጠዘችም፤
ደብተሯ ላይ ጻፈች፦ "ጨ፣ አንድ ጊዜ።"

ጠ ገና ነው።
ጠዳ ለመኪና ግማሽ ሰዓት ነው፣ ከሁሉም ቅርብ፤
ለእኔ ከመተማ ይርቃል።
ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ይርገዱ እንዳትሰማ፣
ሁለቱን በር ዘግቼ
አንድ ሰው እጠብቃለሁ።